ዱባይ ለእረፍት፦ ከደሴ ተነስተው በረሃ ላይ መንቀሳቀስ ለሚፈልጉ

እኛ ዘንድ ዓረብ አገር የሚኬደው ለሥራ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ባቲም ሆነ ሐይቅ፣ አንድ ሰው ዓረብ አገር የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ «ዱባይ ለእረፍት ልንሄድ ነው» ስንል አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችን። «ለእረፍት ደግሞ በረሃ ይኬዳል እንዴ? አላህ ልቦና ይስጣችሁ!» አለችና ቶናውን ቀዳች።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። በረሃ በዘፈቀደ ከሄዱበት እረፍት አይሆንም። በደንብ ከታሰበበት ግን ደገኛ ለሆነ ሰው እንደሱ የሚመች የለም። እኛ ስናቅድ የተማርነውን እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው እየደወለ ስለጠየቀኝ ነው። ገበያ ለገበያ መዞር ለሚፈልግ ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመውም። እኛ የፈለግነው ብስክሌት መንዳት፣ ተራራ መውጣት፣ ጀልባ መቅዘፍ፣ አሸዋ ላይ መሄድ፣ በመሃል ደግሞ መዋኛ ገንዳ ዳር መጋደም ነበር።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። በረሃ ላይ መጀመሪያ የሚታቀደው ፀሐይ ነው። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ውጭ እንደምትሆኑ ከወሰናችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ሰው ግን የሚጀምረው ከሆቴል ፎቶ ነው። ከዚያ ትኬት፣ ከዚያ የሚታዩ ቦታዎች ዝርዝር። ፀሐይዋ እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው ትዝ የምትላቸው።

ከወሩ እንጀምር። ዱባይ ለእንቅስቃሴ የሚመቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በፈረንጆቹ ጥር ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊት ከተማው ውስጥ ወደ 14 እና 15 ይወርዳል። ይህ የኮምቦልቻን አየር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ዓለም ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ የባሕሩ እርጥበት ይጨመርበታል። መንግሥታቸው ራሱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ባለው ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ይከለክላል። በክረምት ሪዞርቶቹ ዋጋቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። «ክረምት ላይ ርካሽ አገኘሁ» የሚላችሁ ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ ከቀዝቃዛ አየር ጋር ተቆልፎ ለመዋል ነው የሚከፍለው።

ለኛ ለወሎዎች ወሩን መምረጥ ሌላም ጣጣ አለው። ቤታችን እንደ ብዙው የወሎ ቤት ድብልቅ ነው። የወንድሜ ሚስት ረመዳን ትጾማለች፣ እኔ ሁዳዴ። ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርግ ይግተለተላል። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴም ረመዳንም የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ስለዚህ የቀረችን ክፍተት ከጥምቀት ማግስት እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለችው ነበረች። ሠርግ የጠራን ሰው ቅር ቢለውም እሷን ያዝን። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ እናንተ የራሳችሁን ዓመት ቆጥራችሁ እዩ። በረመዳን መሄድ አይከለከልም፤ ግን ቀን ላይ የብዙ እንቅስቃሴዎች ሰዓት ይለወጣል፣ ጾመኛ ካለ ደግሞ ብስክሌቱ ይቅርበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚያ በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል። ሰዓታቸው ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልካችሁ ላይ 07:00 የሚል የቦታ ማስያዣ ከመጣ በኛ አጠራር የጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይህን የምለው ከቤተሰባችን አንዱ ሰባት ሰዓት ነው ብሎ ተኝቶ ሊቀር ስለነበር ነው። ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

የኛ ቀን እንዲህ ተከፈለ። ጎህ ሲቀድ የሚያደክመውን ነገር ሁሉ እንጨርሳለን። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ወደ ጥላ። ቀትር ላይ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ገንዳ። ከ10 ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ነገር፤ እግር ጉዞ፣ ግመል፣ ቀስት ማስፈንጠር፣ የአሸዋ ክምር ላይ መንሸራተት። በጥር እንኳ ይህ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ባይገድልም ፀሐይዋ ከአሸዋው ላይ ተመልሳ ፊት ትመታለች፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ላቡ ሳይታይ ነው የሚተንነው። ሰው ያላላበው ይመስለዋል፣ ውሃ አይጠጣም፣ ማታ ራሱን ያመዋል።

ይህን ብልሃት ለመማር ዱባይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከቆላ የሚመጡት አፋሮች ግመሎቻቸውን ይዘው በጊዜ ይደርሳሉ። ቀትር ላይ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። የሚለብሱት ስስና ሰፊ ነው። በቀትር የሚሮጥ ካለ ከደጋ የወረደ ነጋዴ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤጀንሲ መርሐ ግብር አውጥቶልን ነበር። ጠዋት ከተማ ጉብኝት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት አሸዋ ላይ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ከዚያ በመኪና አሸዋ መውጣትና መውረድ፣ ማታ እራት በጭፈራ፣ በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በፊኛ ሰማይ ላይ መውጣት። ይህን ያወጣው ሰው በሕይወቱ በረሃ ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ትተነው የራሳችንን ሠራን። መመዘኛችን ቀላል ነበር፦ በአንድ ቀን አንድ የሚያደክም ነገር ብቻ። ሁለተኛው ካማራችሁ ለነገ።

ታናሽ እህቴ እዚያ ሆቴል ውስጥ ስለምትሠራ ውስጥ አዋቂ ነበረችን። እሷ የመከረችን ቆይታውን ለሁለት እንድንከፍለው ነው። ጥቂት ሌሊት ዴራ በሚባለው አሮጌው ሰፈር ተራ ሆቴል፤ እዚያ ሜትሮው ቅርብ ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤትም አይጠፋም። ከዚያ ጥቂት ሌሊት ከከተማው ወጣ ያለ የበረሃ ሪዞርት። ሪዞርቱን በሥራ ቀናት ያዙ አለችን። እዚያ ከ2022 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሳምንቱ ማረፊያ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ግማሽ ቀን። የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ሪዞርት የሚጎርፈው ያኔ ነው፤ ዋጋውም ጫጫታውም ይጨምራል። ሰኞና ማክሰኞ ገንዳው የግላችሁ ነው ማለት ይቻላል።

ሪዞርት ስታስይዙ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ፎቶ አይበቃም። ምን ምን እንቅስቃሴ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ እንዳለ፣ ምኑ ለብቻ እንደሚከፈል ይንገሯችሁ። በብዙ ቦታ ብስክሌቱና የጠዋት እግር ጉዞው ነፃ ሆኖ ፈረሱና የአሸዋ መኪናው ይከፈልበታል። ቁርስ ብቻ ነው ወይስ እራትም አለው? ሪዞርቱ በረሃ መሃል ስለሆነ ወጥቶ ርካሽ ምግብ መፈለግ የለም። ስለዚህ እራት ያለበትን መያዝ ይሻላል። ቁርሱ ላይ ፉል፣ ሽምብራ፣ ዳቦና ተምር ስለማይጠፋ ረቡዕና ዓርብ የምንጾምም አልተቸገርንም።

ዋጋ ስትሰሙ «ይህ ከነምኑ ነው?» በሉ። 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ የአገልግሎትና የከተማ አስተዳደር ክፍያ አለ፣ እንዲሁም ቱሪዝም ድርሃም የሚሉት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ለአንድ ክፍል በየሌሊቱ ይጨመራል። ስትገቡም መያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በካርድ ካልሆነ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ስትወጡ ይመለሳል። ይህን ያልቆጠረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ኪሱ ይራቆታል። ድርሃም ከዶላር ጋር የተሰፋ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ስለዚህ ሒሳባችሁን በዶላር አስቡት። የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ከባንክ ግዙ።

ወደ እንቅስቃሴዎቹ ልምጣ። ለኛ ከሁሉ የበለጠው አል ቁድራ ነው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ በረሃውን አቋርጦ ይሄዳል። ብስክሌትና ሄልሜት የሚከራይበት ሱቅ፣ መታጠቢያም አለው። ሜዳ ስለሆነ ዳገት ለለመደ ሰው ቀላል ይመስላል። እሱ ነው አደጋው። ስትሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ጀግና ትሆናላችሁ፤ ስትመለሱ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው። ጉልበታችሁ ግማሽ ሳይደርስ ተመለሱ። ውሃ በየሰው ሁለት ጠርሙስ ያዙ። በመንገድ ላይ ሚዳቋ አለፍ ሲል ታያላችሁ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ነጩን የዓረብ ሳላ። ይህ እንስሳ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ከዱር ጠፍቶ ነበር፤ ያለው በግቢ ተራብቶ የተመለሰ ነው። አፋር በረሃ ላይ ያለውን የኛን ሳላ ያየ ሰው ዘመዱ መሆኑን በቀንዱ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሐታ ነው። ከዱባይ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ሐጀር የሚባሉት ተራሮች ውስጥ። የሕዝብ አውቶብስ አለው። ግድቡ ላይ ካያክ ይከራያል። ወንድሜ ልጅነቱን ሐይቅ ዳር ስላሳለፈ መቅዘፊያውን ሲይዝ አስተማሪው «የት ለመድክ?» ብሎታል። እኛ ግን ክብ ስንዞር ነበር። ሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይገባም። የተራራ ብስክሌት መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል፦ አረንጓዴው ቀላሉ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁሩ ከባዱ። አፋር መውረጃውን አይቻለሁ ብላችሁ ጥቁሩ ውስጥ እንዳትገቡ። ድንጋዩ ስለታም ነው። የሐታ የጀብዱ ቦታዎች በክረምቱ ሙቀት ወቅት ስለሚዘጉ ይህም ወሩን ለመምረጥ አንድ ምክንያት ነው።

ጀበል ጃይስ የሚባለው ተራራ ከዱባይ ውጭ፣ ራስ አል ኸይማ በሚባለው ሌላ ኤሚሬት ውስጥ ነው፣ ወደ 1,900 ሜትር፣ የአገሪቱ ከፍተኛው ተራራ። ደሴ ከተማ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ይህን ለአስጎብኚው ስንነግረው አላመነንም። እዚያ ላይ 2.83 ኪሎ ሜትር የሚረዝም በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተቻ አለ፤ በ2018 (በፈረንጆቹ) ነው የተከፈተው። የክብደትና የቁመት ገደብ ስላለው ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልሞከርኩትም፣ አላማረኝምም። ወንድሜ ወርዶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

አሸዋ ላይ በመኪና መውጣትና መውረዱን ሁሉም ሰው ያወራለታል። ሆድ ሞልቶ ከተገባበት ግን ያስመልሳል። ለነፍሰ ጡር፣ ለወገብ ሕመምተኛና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከሱ ይልቅ ጎህ ሲቀድ በባዶ እግር አሸዋው ላይ መሄድ ይሻላል። አሸዋው ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ የሌሊት እንስሳት ዱካ ሳይጠፋ ይታያል፣ ደግሞም ነፃ ነው።

ሩጫ ለምትወዱ፦ የዱባይ ማራቶን ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጥር ነው የሚካሄደው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008፣ 2009 እና 2010 (በፈረንጆቹ) በተከታታይ ያሸነፈበት ነው። ከዋናው ጎን የ10 እና የ4 ኪሎ ሜትር ሩጫም ስላለ ጉዞውን ከሱ ጋር ማገጣጠም ይቻላል። የሐበሻው ጭብጨባ ብቻ ያስሮጣል።

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። ደሴ ላለ ሰው ትንፋሽ ችግር አይደለም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ከወጣችሁ ሳንባችሁ ዝቅ ያለው አገር ላይ ይበዛባችኋል። የማይሠለጥነው ሙቀቱ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የሚችል ከመሄዱ በፊት ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ዘመድ ዘንድ ሰንብቶ ረፋድ ላይ ይራመድ። የማይችል ደግሞ ዱባይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቅልል። ከባዱን፣ ለምሳሌ ረጅሙን ብስክሌት፣ ወደ መጨረሻ አድርጉት።

ጫማ አዲስ አትግዙ፤ ከገዛችሁም ደሴ ዳገት ላይ አለስልሱት። ሰፊ ባርኔጣ፣ ክንድ የሚሸፍን ስስ ጥጥ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የከንፈር ቅባት፣ ጥቂት ፓኬት ኦ አር ኤስ (ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር)። «በረሃ ነው» ብላችሁ ጋቢውን ደግሞ ቤት አትተዉት። ከከተማው ርቆ ያለው በረሃ በጥር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። እህቴ ቀድማ ነግራን ስለነበር ማታ እሳት ዳር ጋቢ ለብሰን ስንቀመጥ ሌሎቹ እንግዶች የሆቴል ፎጣ ተከናንበው ነበር።

ለመዋኛ ሪዞርቶቹ የዋና ልብስ ግድ ይላሉ፤ ቲሸርትና ሱሪ አያስገቡም። መሸፈን ለምትፈልግ ሴት መላ አካል የሚሸፍነው የዋና ልብስ ይፈቀዳል፣ የወንድሜ ሚስት በሱ ነው የዋኘችው። ከተማው ውስጥ ደግሞ አል ማምዘር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ፓርክ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቀን ነበረው፤ አሁንም እንዳለ ጠይቁ።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ከጀመረ እንቅስቃሴውን አቁሙ፣ ወደ ጥላ፣ ውሃና ኦ አር ኤስ። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወደቀ ግን ይህ ለቤት አይደለም። 998 አምቡላንስ ነው፣ 999 ፖሊስ። ቁጥሮቹን የሁሉም ስልክ ላይ ጻፉ፣ የልጆቹም ላይ።

ወረቀቱን ባጭሩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ቪዛ ከመሄድ በፊት ያስፈልጋል። ሆቴሉን ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ዋጋ ያዙ፣ ቪዛው ሲወጣ ትኬት ግዙ። የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና እዚያ ያለ ዘመድ ስልክ በወረቀት ታትሞ በእጅ ይሁን። ከወሎ የሚሄድን ሰው፣ በተለይ ወጣት ሴትን፣ ሁሉም ሠራተኛ ነው ብሎ ስለሚገምት ጥያቄ ይበዛል። ወረቀቱ ይመልስላችሁ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረራ አለ፤ በመኪና ከሆነ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም መንገድ ከዱባዩ በረራ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እደሩ።

አደራ ዕቃን በተመለከተ ልቤን ላደንድን። ወሬው እንደተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ለልጁ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ይከብዳል። እኛ የወሰንነው ፊታችን ተከፍቶ ያልታሸገ ነገር እንዳንይዝ ነው። ጫት እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው፤ ጥቂት ቅጠል በሻንጣ ጥግ ቢገኝ እስር ያመጣል። መድኃኒትም እንዲሁ። እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገቡም። የራሳችሁን መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ ያዙ፣ የሰውን መድኃኒት ግን የናታችሁ እንኳ ቢሆን አትያዙ። አንዲት ጎረቤታችን በዚህ ተቀይማኛለች። ለልጇ ስልክ ደውላ ከነገረቻት በኋላ ልጅቷ ራሷ «ደግ አደረጉ» ብላታለች።

በመጨረሻው ቀን የመመለሻ በረራችሁ ማታ ከሆነ ክፍሉን ቀትር ላይ ስለምታስረክቡ ረጅም ሰዓት ይተርፋል። ሻንጣችሁን እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጠው ገንዳውንና መታጠቢያውን እስክትሄዱ እንድትጠቀሙ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። ለኛ ፈቅደውልናል። መያዣ ገንዘባችሁንም ታክሲው ከመምጣቱ በፊት ተቀበሉ፤ ሒሳብ የሚሠራው ሰው ቸኩሎ አያውቅም።